በዕጣ የደረሰን ኮምፒውተር

በልጉ አንድ ቀን ደህና አድርጎ ዘነበና ሰማዩ መልሶ ጠራ። እንደ ዲምቱ ባለ ቆላ እንዲህ ያለ ዝናብ ሰውን ዕረፍት ይነሳል። መሬቱ ረጥቧል፣ በቆሎው መዘራት አለበት፣ ማዳበሪያው ግን መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈበት ነው። ጠዋት ወደ ገበሬዎች ማኅበራችን ቢሮ ስደርስ ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ጸሐፊያችን ልጇን እንዳዘለች ከውጭ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሰልፈኛው ሁሉ እሷን ያያል፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ምን እንደሆነች ጠየቅኋት። መልስ የሰጠኝ ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ ነው። «የጉኑኖን ማዳበሪያ ልትበላ ስትል ተያዘች» አለኝ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚነግረኝ ሁሉ።

ጸሐፊዋ ዘመዴ አይደለችም። ኋላ ላይ ለዘመዷ ተሟገተች ያሉኝ ስላሉ ከወዲሁ ልናገረው። ባሏ ልጃቸው ሳይወለድ ሞተባት። ከዚያ ወዲያ የባሏ ወንድሞች ቤት ተጠግታ፣ የሰጧትን እየበላች፣ ያዘዟትን እየሠራች ኖረች። ማኅበሩ ሲቀጥራት ነው ወጥታ አንዲት ክፍል የተከራየችው። ያቺ ክፍልና ያቺ መስኮት አጠገብ ያለች ወንበር ያሏት ሁሉ ናቸው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከማኅበራችን ቁጥጥር ኮሚቴ ተወክዬ ሶዶ ባለው የማኅበራቱ ዩኒየን እሰበሰብ ነበር። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ተጀምሮ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። ኮምፒውተር ምን እንደሆነ የማውቀው ሌላው ሰው ሲነካው በማየት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒየኑ ዘንድሮ የማዳበሪያ ድርሻ በኮምፒውተር ይሁን አለ። ሶዶ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ተቀመጠ፤ የየማኅበሩ ገበሬ ስምና ድርሻ እሱ ውስጥ ነው። ለጉኑኖ፣ ለበዴሳና ለእኛ ለዲምቱ ማኅበር ደግሞ አንዳንድ ትንሽ ኮምፒውተር ተሰጠ። ትንሹ ከትልቁ ጋር ካልተገናኘ ስም አይመጣም፤ ስም ካልመጣ ማዳበሪያ አይወጣም። የበዴሳው ገና እንደተከፈተ ተገናኘ። የጉኑኖው፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ስለሌለ፣ ከካርቶኑም አልወጣም። የእኛው በርቶ ትልቁን ደጋግሞ ቢጠራ በሩን የሚከፍትለት አጣ።

ያን ጠዋት እኔ ሳልደርስ፣ ጸሐፊዋ ሁለቱም እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ከሶዶው የኔትወርክ ባለሙያ ጋር ትነጋገር ነበር። ባለሙያው በእሱ ስክሪን ላይ የሚያየውን ነገራት፤ በዲምቱ መስመር የሚጠራው ኮምፒውተር «ጉኑኖ ነኝ» እያለ ነው አላት። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ከባለሙያው አጠገብ ነበረና ስልኩን ተቀበለው። ጉኑኖዎች መብራት አጥተው ድርሻቸው ሳይነካ መቀመጡን ታውቂያለሽ፣ በስማቸው ገብተሽ ልታወጪው ነው፣ ሌባ ነሽ፣ እጅሽን ከኮምፒውተሩ አንሺ፣ ነገ ሶዶ ቀርበሽ መልስ ስጪ አላት። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰልፉ ቃል በቃል ሰማው።

ወደ ጓሮ ወስጄ በወላይትኛ፣ ነክተሽ እንደሆነ ለእኔ ንገሪኝ አልኳት።

«እማማ፣ ለመንካትም መክፈቻው ያስፈልጋል» አለችኝ። «ሴቲንጉ በፓስወርድ ተቆልፏል። ፓስወርዱን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።»

አመንኋት ማለት አልችልም። አላመንኋትም ማለትም አልችልም። ሌባ የተባለችው ሳትጠየቅ መሆኑን ግን በጆሮው የሰማ ሰልፍ ሙሉ ምስክር አለ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።

በማግስቱ በሚኒባስ ስንሄድ ልጁ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ እናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ካባረሩኝ የምመለሰው እነሱው ቤት ነው» አለች፣ የባሏን ወንድሞች ማለቷ ነው። «በፊት ጥገኛ ነበርኩ። አሁን ሌባ ጥገኛ ልሆን ነው።» አያባርሩሽም አላልኳትም። የማላውቀውን ነገር ቃል መግባት አልወድም።

ዩኒየኑ አዳራሽ ስንገባ ሥራ አስኪያጁ፣ የኔትወርክ ባለሙያው፣ የዩኒየኑ መጋዘን ኃላፊና የበዴሳው ተወካይ ተቀምጠዋል። የጉኑኖው ተወካይ አልመጣም። ለእኔ ወንበር ቀረበ፤ ለእሷ አልቀረበም። የእኔን ሰጥቻት ቆምኩ። አሮጊት አቁሞ መሰብሰብ ስለሚያሳፍር ሌላ ወንበር ተፈልጎ መጣ።

«እማማ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ጉዳዩ የቴክኒክ ነው። እርስዎ ባይደክሙ ጥሩ ነበር።»

«ሌባ የቴክኒክ ቃል ነው እንዴ ልጄ?»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ሳቁን የደበቀ መሰለኝ።

ሽማግሌ በሚቀመጥበት በእኛ ዱቡሻ የተከሰሰ ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ፍርድ አይነገርም፤ ይህንኑ አስታወስኩት። ሥራ አስኪያጁም የዚሁ አገር ልጅ ነውና እሺ ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ጸሐፊዋ ተነስታ ለእኔ የነገረችኝን ደገመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ በመሐል ሰዓቱን አየ።

ቀጥሎ ባለሙያው ተናገረ። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሶዶ ከገባ ቆይቷል፣ ወላይትኛው ግን ከሰላምታ አላለፈም። ለእኔ እንዲገባኝ ብሎ ቀስ እያለ አስረዳ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሁለት ነገር አለው አለ። አንዱ እሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ከፋብሪካ ይዞት የሚወለደው፣ የማይቀየር ምልክት ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ሁለቱንም ያውቃል፤ በየትኛው መስመር የትኛው እንደሚመጣም ተነግሮታል። በዲምቱ መስመር የዲምቱ ካልመጣ አይከፍትም። ትልቁና ትንሹ ላይ የሚገባው ሴቲንግ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ብቻ ቢስተካከል ዋጋ የለውም።

«ሦስቱንም እዚሁ ሶዶ ቁጥራቸውን አስገብቼ ቆልፌያለሁ» አለ። «በየካርቶኑ ላይ የየማኅበሩን ስም ጽፌ ለመጋዘን አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ የተቀየረ ነገር ካለ ዲምቱ ላይ የተቀየረ ነው።»

በየካርቶኑ ላይ ሲል የመጋዘኑን ኃላፊ አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል። የበዴሳውን ተወካይ አየሁት። እሱ እኔን ያያል።

እኔ፣ እሱና የጉኑኖው ተወካይ ኮምፒውተሮቹን ልንረከብ መጋዘን የተገናኘን ቀን ካርቶኖቹ ላይ ስም ተጽፎ አገኘን። አንዱ ኮምፒውተር አዲስ ነው፣ ስክሪኑም ሰፊ ነው። ሁለቱ ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት የተረፉ አሮጌዎች ናቸው። አዲሱ ላይ የተጻፈው ጉኑኖ ነው። ሥራ አስኪያጁ የዚያ አካባቢ ሰው ነው ተባለ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም። ማን መርጦ ለማን ሰጠ ብዬ የተነሳሁት ግን እኔ ነኝ። የበዴሳውም ደገፈኝ። የጉኑኖው ሰው እንኳ ክፉ አይደለም፣ ዕጣ ከሆነ እቀበላለሁ አለ።

ለመስቀል በሬ አርደን ሥጋ ስንከፋፈል የምናደርገውን አደረግን። መደቡ እኩል ይሆናል፣ የማንም ምልክት አይደረግበትም፣ እያንዳንዱ ከኪሱ የሆነ ነገር ይሰጣል፣ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የጉኑኖው ቁልፍ ሰጠ፣ የበዴሳው አንድ ፍሬ በቆሎ፣ እኔ ከሹራቤ የወለቀ አዝራር። ስም ያለበት ነገር ዕጣ አይጣልበትምና ከካርቶኖቹ ላይ የተጻፈበትን ወረቀት በጥፍሬ ልጬ ጣልኩ፤ በጆንያም ሸፈንናቸው። አንድ ተሸካሚ ከውጭ ጠርተን አስጣልነው። አዝራሬ አዲሱ ላይ አረፈ። ቁልፉ ከአሮጌዎቹ በአንዱ ላይ፣ በቆሎው በሌላው ላይ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሥራ አስኪያጁ የመደበውን ለወጣችሁ እንዳይለኝ ብሎ ሲፈራ፣ ማንም አይናገርም አልነው። ስም ከካርቶኑ ከተላጠ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረ ስም አለ ብሎ ማን ያስባል?

ለሻይ ዕረፍት እንደወጣን የበዴሳው ተወካይ ወደ ግንቡ ጥግ ሳበኝ። የመጋዘኑም ኃላፊ ተከተለን። ገብቶሻል አይደል አለኝ የበዴሳው። ገብቶኛል አልኩት። ብትናገሪ አዲሱን ኮምፒውተር ይነጥቋችኋል፣ ለራስሽ ማኅበር ነው የማዝነው አለ። እኛም ሦስታችን ከተወካይነት እንወርዳለን፣ ይሄ ሰውዬም ከእንጀራው ይፈናቀላል አለ። 

«እና እሷስ?» አልኩት።

«እሷ ወጣት ናት። ሌላ ሥራ ታገኛለች።»

«ሌባ ተብላ?»

«እርስዎ ደግሞ» አለኝ። እስከዚያ ድረስ አንቺ ነበር የሚለኝ፤ ሲናደድ ነው የሚያከብረኝ።

ግቢው ማዶ ጸሐፊዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ሻይ ያቀረበላት የለም። የእኔን ወስጄ ሰጠኋትና ቀድሜ ወደ አዳራሹ ገባሁ።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ተነስቼ እንዳለ ተናገርኩት። ካርቶኑን የላጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ዕጣ ይጣል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ተወካዮችም ተስማምተዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ አልፈለገም፤ እኛ ነን በቁጥር በዝተን ያስገደድነው፤ በእሱ ላይ የሚመጣ ነገር ካለ በእኛ በኩል አልፎ ይምጣ። የበዴሳው ተወካይ ፊቱን በእጁ ያዘ።

ባለሙያው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ኮምፒውተሩን ቅርጫ አደረጋችሁት?» አለ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፣ «የአንቺ ስክሪን ሰፊ ነው ጠባብ?»

«ሰፊ ነው።»

«ሰፊው የጉኑኖ ነበር።»

ይህችን አንዲት ጥያቄ ከአንድ ቀን በፊት የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። የበዴሳውም ገና እንደተከፈተ የተገናኘው ዕጣው የራሱን ኮምፒውተር ስለመለሰለት ኖሯል።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ። ተደብቃችሁ ትእዛዝ ሻራችሁ አለን፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለጉኑኖ ይመለስ አለ። እኔ ደግሞ የጠበቅኩት ይህንን ነበር። «ዕጣ የወጣበት አይመለስም። ቁጥሩ የሰው ሥራ ነው፣ ቁጥሩ ይቀየር» አልኩት። ይቻል እንደሆነ ባለሙያው ተጠየቀ። ይቻላል፣ ግን ከሁለት ወገን በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት አለ። እሱ እዚህ ትልቁ ላይ የፋብሪካውን ምልክት ከጉኑኖ አንስቶ ለዲምቱ ያስመዘግባል፤ በዚያው ጊዜ ዲምቱ ያለው ሰው ቁልፉን ከፍቶ አዲሱን ቁጥር ያስገባል። ደጋግመን ከተሳሳትን ትልቁ የዲምቱን መስመር ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ለማስከፈት ከአዲስ አበባ ሰው መምጣት አለበት፣ የዘር ጊዜውም ያልፋል።

«ዲምቱ ያለው ሰው ማን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ባለሙያው በአገጩ አመለከተ። ጸሐፊዋን።

ፓስወርድ ለእሷ?  ለሥራ አስኪያጁ፣ ሌባ ላላት ሴት የቤትህን ቁልፍ ስጥ እንደማለት ሆነበት። በመጨረሻ፣ ነገ ጠዋት ይሞከር፣ ካልተገናኘ ግን ጨዋታ አላውቅም፣ ከሥራ ወጥታለች አለ። ስለ ዕጣው የተናገርኩት ሁሉ ለእሱ ገና ወሬ ነው። የሚያምነው ትልቁ ኮምፒውተር በሩን ከከፈተ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዲምቱ ላይ ሰልፉ ከትናንት ወዲያውም ረዝሞ ነበር። ሰማዩ በምሥራቅ ጠቁሯል። ጸሐፊዋ ልጇን ለእኔ አሳዘለችኝና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን እንደዚያን ቀን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠች። መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ከለከልኳት። ክፍት ይሁን አልኩ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ፓስወርዱን ሲነግራት ብቻ ድምፅ ማጉያውን አጥፍታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ያን ለማንም አላሰማችም፤ ለእኔም። ከዚያ መልሳ ከፈተችው። ባለሙያው አንድ ቁጥር ይናገራል፣ እሷ ትደግማለች፣ እሱ «አዎ» ይላል፣ ያኔ ብቻ ትጽፋለች። መስኮቱ ላይ የተደገፉት ገበሬዎች አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። አንዱ አጠገቡ ያለውን ምን እየሆነ ነው ሲለው፣ ያኛው ዝም በል፣ እየተነጋገሩ ነው አለው፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ማለቱ ነው።

«ጨረስሽ? አሁን ጥሪው» አለ ባለሙያው።

ጠራችው። ስክሪኑ ላይ ያው የፊተኛው ቀይ ጽሑፍ መጣ።

ከሰልፉ ጉምጉምታ ተነሳ። በስልኩ ውስጥ፣ ራቅ ብሎ፣ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ «አላልኩህም?» ሲል ሁላችንም ሰማነው። የጸሐፊዋ ጣቶች ሰሌዳው ላይ ቀሩ። ልጁ ጀርባዬ ላይ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም በእግሬ መሬቱን እየመታሁ እሹሩሩ አልኩት። ባለሙያው ደግመሽ ጻፊ አላት። ቁጥሩን ደገመ፣ ደገመችለት፣ ጻፈች፣ ጠራች። ቀይ።

«አንድ ሙከራ ነው የቀረን» አለ።  በስልኩ የእሱ ቁልፍ ሰሌዳ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ከዚያ «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «የእኔ ነው። በእኔ በኩል ነው። ምልክቱን ለዲምቱ አስመዝግቤ ከጉኑኖ ሳላነሳው ቀርቻለሁ። የአንቺ ልክ ነው፣ ምንም አትንኪ።»

እንዲህ የሚል የተማረ ሰው ብዙ አላየሁም። በድምፅ ማጉያ፣ አለቃው አጠገቡ ቆሞ፣ የእኔ ነው አለ።

«በይ ጥሪው።»

እጇን አነሳች፣ መለሰችው፣ እንደገና አነሳች። ከዚያ ተጫነችው። ስክሪኑ ጥቂት ነጭ ሆኖ ቆየና ስሞች ከላይ እስከ ታች መውረድ ጀመሩ። መስኮቱ ላይ የነበረ ሰው፣ «እኔ ነኝ ያ! አባቴም አለ፣ የሞተው አባቴ!» አለ። ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሰዉ ወደ መስኮቱ ሲገፋ እኔ ልጁን እንዳዘልኩ ፊታቸው ገብቼ ቆምኩ። ገና ነው አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ወደ ስልኩ፣ «ሥራ አስኪያጁ አለ?» አልኩ። አጠገቤ ነው አለኝ ባለሙያው። «በዚህ ስልክ፣ በእነዚህ ሰዎች ጆሮ ሌባ ብለሃታል። አሁንም በዚሁ ስልክ ያየኸውን ንገራቸው።»

ቢሮ ስትመጣ እናነጋግራታለን አለ። አይሆንም አልኩት። ቆይቶ በጽሑፍ እንገልጻለን አለ። አይሆንም። ከኋላዬ ሰልፈኛው ይጮህብኝ ጀመር፤ አሮጊቷን አንሷት፣ ዝናቡ መጣ፣ የእሷ ክብር በቆሎ አያበቅልም። ይህን ያሉት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ለቅሶዬን የሚደርሱ ሰዎች። ጸሐፊዋም ራሷ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «እማማ፣ ይቅር» አለችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። እንዲህ ከተተወ በየዓመቱ በየሰልፉ ያቺ ቃል እንደምትነሳባት አውቃለሁ።

 «ልጅቷ ጥፋት የለባትም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የጉኑኖን ድርሻ አልነካችም። ያልኩት ስህተት ነው።»

ፈቀቅ አልኩ።

ኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከተወካይነት አወረዱኝ፤ ትእዛዝ መሻሬ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም። የመጋዘኑ ኃላፊ ተገሥጾ በቦታው ቀረ። ኮምፒውተሩም እኛው ጋር ቀረ። ጉኑኖ መብራት ሲመጣ ባለሙያው እዚያም ወርዶ አስተካከለው፤ አሁን ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ዕጣችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ጥሩኝ ይላል አሉ።

ያን ዕለት ግን መስኮቱ እንደተከፈተ ከሰልፉ ፊት የቆመው ሰው ጥርሱን ገልጦ፣ «ጉኑኖዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አላት። ሰዉ ሳቀ። እሷም እንደምንም ፈገግ ልትል ሞከረች።

ክንዱን ይዤ ከሰልፉ አወጣሁትና ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ መጨረሻ ላይ አቆምኩት። ቀልድ እኮ ነው እያለ ነው የተከተለኝ። የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ገና ተራው አልደረሰም ነበር፤ ጆንያውን አናቱ ላይ አድርጎ፣ እኔን እያየ ቆመ።